አራተኛው ቀይ

ጥቅምት 9 ቀን 2097 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሰባሪት ገደል አፋፍ ባለችው የጥበቃ ጎጆ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ደምሰው ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አንድ፣ ሥራው በከተማ የበር ጥገና። ሁለተኛዋ ባለቤቱ ሙሉሸዋ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት። ሦስተኛው እኔ ላቀው ነኝ፤ የጭላዳ ዝንጀሮ ጠባቂና የጎጆዋ ጸሐፊ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ጸሐፊ ያደረጉኝ ፊደል ስለማልስት እንጂ ሌላ ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም።

ዕለቱ የፈቃድ ወራቸው አሥራ ሰባተኛ ቀን ነበር።

የፈቃድ ወር ለአንድ ባልና ሚስት በሕይወት አንድ ጊዜ ይሰጣል። ባል ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ በየማለዳው ሲውጠው የኖረውን የወንድ ቁጣ ማብረጃ ክኒን፣ ማርገቢያውን፣ ለሠላሳ ቀን ያቆማል። ልጅ የሚፀነሰው በዚያ ወር ነው። በእነዚያ ቀናት ከተማ ውስጥ መቆየት አይፈቀድለትም፤ ሌላ ወንድ ወደሌለበት ቦታ ይላካል። ሰባሪት እንዲህ ያለች ቦታ ናት። እኔ አለሁ፤ ግን ጠባቂ ሁሉ ድርብ ማርገቢያ ስለሚወስድ እኔ እንደ ወንድ አልቆጠርም። ድምፄ ቀጭን ነው። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ከመድኃኒቱ ይሁን ከተፈጥሮዬ ለይቼ አላውቅም፤ ያለ መድኃኒቱ ራሴን አይቼው አላውቅምና።

ለገደሉ ጭላዳዎች ማርገቢያ የሚሰጣቸው የለም። የርጋታ ጽሕፈት ቤት ያልተነካ ወንድ ምን እንደሚመስል እንዳይረሳ ብሎ ለመለኪያ ትቷቸዋል።

የእኔ ማለዳ እንዲህ ነው። ውርጩ ሳይለቅ እነሣለሁ። ሁለቱን ክኒኖቼን በአንድ ጉንጭ ውኃ እውጣለሁ። ከዚያ በጨው ውኃ የተነከረ የጥጥ ገመድ ይዤ አፋፉ ላይ እቆማለሁ። ጭላዳዎቹ ያደሩበትን ገደል ቧጥጠው ሲወጡ ለወንዶቹ ቁራጭ ቁራጭ እወረውርላቸዋለሁ። ያላምጡታል፤ ጨው ሲያልቅበት ይተፉታል። በመቆንጠጫ አነሣውና ምራቁን ብልቃጥ ውስጥ እጨምቃለሁ። ጎጆ ስገባ ለእንግዳው ንጹሕ ጥጥ እሰጠዋለሁ። እሱም ያላምጣል፤ ይተፋል። የእንስሳው ብልቃጥ ክዳን ቢጫ ነው፤ የሰው ነጭ። ሁሉም የሚገቡት በምራቅ ውስጥ ያለውን የወንድነት ቅመም መጠን በሚለካ አንድ ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑ ቁጥሩን እንዳገኘ በዚያው ቅጽበት ለጽሕፈት ቤቱ ያስተላልፋል። ከዚያ ወዲያ መሰረዝ የለም።

ማርገቢያ የሚወስድ ሰው ቁጥሩ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ነው። በፈቃድ ወር ያለ ወንድ ቁጥሩ ከኀምሳ እስከ መቶ መሆን አለበት። ሦስት ጊዜ ከመቶ ካለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ለባልም ለሚስትም፣ ለዘለዓለም።

ስለ ጭላዳዎቹም ትንሽ መናገር ይገባኛል። ወንድ ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር ያልበቀለበት ቀይ ምልክት አለው። ሴቶች ያሉት አለቃ ደረቱ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ሴት የሌለው የገረጣ ነው። እኛ ጠባቂዎች ሰባት ዓይነት ቀይ የተቀባበት ካርቶን አለን። ካርቶኑን ከፍ አድርገን ከደረቱ ጋር እናስተያያለን። ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀይ የአለቃ ነው። አራተኛው ቀይ መካከለኛ ነው፤ በማሽኑ ስድሳ ወይም ሰባ ማለት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት የነበሩት ጠባቂ ናቸው።

አለቆቹን በማዕረግ እንጠራቸዋለን፤ ፊታውራሪ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች። በቡድን እየዞሩ ሴት የሚፈልጉትን ወጠጤዎች እንላቸዋለን። አለቃ ተሸንፎ ሴቶቹን ሲነጠቅ በማግስቱ ማዕረጉ ይነሣና አቶ ይባላል። ይህ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የአፍ ነው።

ደምሰው ሲመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሁላችንም ዝምተኞች ነን። ከተማ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ ጎል ቢገባ የሁለቱም ወገን ደጋፊ እኩል ያጨበጭባል። በአምስተኛው ቀን ግን ወንድሜ የድስት ክዳን ተሳደበ። ክዳኑ አልገጥም ብሎት ነው። «አንተ የተረገምክ! ግጠም ስትባል አትገጥምም?» ብሎ መሬት ላይ ወረወረው።

ሙሉሸዋ አፏን በእጇ ይዛ አየችው። ቀጥሎ እስክታነባ ሳቀች።

«ላቀው፣ ሰማህ? ወንድምህ ከክዳን ጋር ተጣላ።»

«ሰማሁ እትዬ።»

«ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ድስት ተቆጥቶ አያውቅም። ማንን ነው ያመጣችሁብኝ?»

«አልወደድሽውም?» አላት ደምሰው።

«ቆይ ገና ልየው እንጂ። አምስት ቀኑ ነው እኮ።»

በዘጠነኛው ቀን እንጨት ስፈልጥ መጣና ከፊቴ ቆመ።

«ና እንታገል።»

«ይቅርብኝ ጋሼ።»

«ፈራህ?»

«አልፈራሁም። አልፈልግም።»

«መፈለግ ምን እንደሆነ መቼ ታውቅና!» አለኝ። መጥረቢያውን ቀምቶኝ የሦስት ቀኑን እንጨት በአንድ ጠዋት ፈለጠው። እየፈለጠ ያዜማል። ግጥሙን ስለማያውቀው በዜማው ላይ የዛፎቹን ስም ይደረድርበታል።

ሌላም ነገር ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሙሉሸዋ ምንጭ ወርዳ ስትዘገይ ሊፈልጋት ሄደና ክንዷን ይዞ እየጎተተ አመጣት። ከማን ጋር እንደነበረች ጠየቃት። እዚህ አገር ከእኔና ከቀይ ቀበሮ በቀር ማንም የለም። በማግስቱ ክንዷ ላይ የአራት ጣት ምልክት አየሁ። እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው።

«እንዳትጽፈው» አለችኝ።

«ፈራሽው?»

«ፈራሁት። ሌሊቱን ሙሉ ይቅርታ ሲለምነኝ አደረ፤ አለቀሰም። ግን ልንገርህ ላቀው፣ ሲያየኝ እኔን ነው የሚያየኝ። ቀድሞ የሚያየኝ እንደ በር ነበር።»

አልጻፍኩትም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ወጠጤዎቹ በደቡብ በኩል መጡ። ሰባት ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ጆሮው የተቀደደ ነው፤ ጆሮ ቀዳዳው እንለዋለን፤ ፊታውራሪን ሊገጥም የመጣው እሱ ነው። ፊታውራሪ ለአራት ዓመት አለቃ ሆኖ የኖረ ወንድ ነው፤ አምስት ሴቶችና የሚጠቡ ሦስት ሕፃናት ነበሩት። ፀጉሩን አቁሞ አፋፉን ሮጠበት፤ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየው። ጆሮ ቀዳዳው ግን አልሄደም። ሦስት ቀን ሲሯሯጡ፣ ሲናከሱ ዋሉ።

ወንድሜ ከዚያ ገደል አፋፍ አልነሣም አለ። ምግብ እወስድለታለሁ፤ ሳይቀምሰው ይቀዘቅዛል። ለፊታውራሪ ነበር የሚያደላው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ፊታውራሪ ጆሮ ቀዳዳውን እስከ ጅብራው ተክል ሥር ሲያሳድደው፣ ደምሰው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ እጁን ወደ ላይ ወረወረና «ዘራፍ!» አለ። ድምፁ ከማዶ ገደል ተመልሶ መጣ። እሱ ራሱ ደነገጠ።

«ምንድን ነው ያልኩት?» አለኝ።

«ዘራፍ ነው ያልከው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔም አላውቅም» አለና እየሳቀ ተቀመጠ።

የዚያን ጠዋት የደምሰው ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት ነበር። በማግስቱ መቶ ዘጠኝ ሆነ። ሁለቴ አለፈ ማለት ነው። ሙሉሸዋም ፀንሳ እንደሆነ በየማለዳው ትለካለች፤ ገና አልፀነሰችም። አሥራ አራት ቀን ቀራቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ከመቶ ቢያልፍ ሁሉም ነገር ያበቃል። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ሙሉሸዋ ትከሻውን ስታሽ ዋለች፤ ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰችበት፤ ወደ ገደሉ እንዳይሄድ ለመነችው። እሺ አላት። ከሰዓት በኋላ ሄደ። ፊታውራሪ ሲሸነፍ አየ።

ወደ ጥቅምት 9 ጠዋት ልመለስ።

ጭላዳዎቹ ሲወጡ ፊታውራሪ ከሴቶቹ ተለይቶ ለብቻው ተቀመጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አቶ ነው። ሦስቱ ሕፃናት ግን ተከትለውት መጥተዋል። የተሸነፈ አለቃ አገር ጥሎ አይሄድም፤ ዳር ዳሩን እየሄደ ልጆቹን ይጠብቃል። አዲሱ አለቃ የሚጠቡትን ከገደለ እናቶቹ ቶሎ ይፈልጉታል፤ ስለዚህ ይገድላል። ካርቶኑን ከአቶ ደረት ጋር አስተያየሁ። አራተኛው ቀይ ነበር። ገመድ ወረወርኩለት፤ ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ተፋ።

ጆሮ ቀዳዳው ወደ ሕፃናቱ ሲጠጋ ወንድሜ ከኋላዬ ድንጋይ ወረወረ። ይህ ክልክል ነው። ሳይመታው ቀረ። ደምሰው ለገደሉ፣ ለዝንጀሮውና ለሰማዩ የማልጽፈውን ስድብ ተሳደበ። ጎትቼ ጎጆ አስገባሁት። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል።

«ጋሼ፣ እባክህ ተረጋጋ። ዛሬ ሦስተኛው ነው።»

«በምን ልረጋጋ? ልጆቹን ሊበላ እኮ ነው!»

«ደምሰው» አለች ሙሉሸዋ። «ስለ የትኛው ልጅ ነው የምትቆጣው? የእኔስ?»

ጥጡን አላምጦ ሰጠኝና ወጣ። እሷም ተከትላው ወጣች።

ከመቶ እንደሚያልፍ ለማወቅ ማሽን አላስፈለገኝም። ሁለቱ ብልቃጦች ከፊቴ ነበሩ። አራተኛው ቀይ ስድሳ ወይም ሰባ ነው ብዬ አሰብኩ። ስድሳ ለወንድሜ ጥሩ ቁጥር ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። ቢጫውን ክዳን ፈታሁ፤ ነጩን ፈታሁ፤ አለዋውጬ ከደንኩ። ማሽኑ ውስጥ ጨመርኩ።

ማሽኑ አቶ መቶ አሥራ ስምንት አለ። ደምሰው ዘጠኝ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የደረት ቀለም የሚደበዝዘው በሳምንታት ነው። ማሽኑ የሚለካው ቁጥር ግን ከሽንፈት በኋላ በአንድ ቀን ይወድቃል። ካርቶኑ ላይ ይህ የለም፤ ያስተማሩኝም ሰው አልነገሩኝም። ምናልባት እሳቸውም ከሽንፈት በማግስቱ ካርቶንና ማሽን አስተያይተው አያውቁ ይሆናል።

ብዙ ሳይቆይ መነጋገሪያው ጠራ። ሲስተር ውድነሽ ነበረች፤ የሰባሪትን እንግዶች የምትከታተለው እሷ ናት። ደግ ሴት ናት።

«ላቀው፣ እንደምን አደርክ? ወንድምህ ምን ሆነብኝ? ትናንት መቶ ዘጠኝ፣ ዛሬ ዘጠኝ?»

«እ...»

«አትጨነቅ፣ ይኼ ይታወቃል፣ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ሰውነቱ ፈቃዱን አልተቀበለም ማለት ነው። እንዲህ የወደቀ ሰው ከዚያ ወዲያ አይነሣም። ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ማርገቢያውን ይጀምር፤ አንተ ፊት ይዋጠው። ሙሉሸዋን አይዞሽ በልልኝ። የእሷ መብት አይነካም። የለጋሾች ዝርዝር አሁን እልክላታለሁ፤ እስከ ነገ ቀትር አንዱን ትምረጥ፤ የመረጠችው በብልቃጥ ይላክላታል። ደግሞ ያ የተሸነፈው ዝንጀሮህ! መቶ አሥራ ስምንት! እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም፤ ሊወስዱት እየመጡ ነው። ሰማኸኝ?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«እሺ ሲስተር» አልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች በበራሪ መጡ። አቶን መረብ ጣሉበትና ጭነውት ሄዱ። እሱም አልታገላቸውም። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጆሮ ቀዳዳው ከሦስቱ ሕፃናት ሁለቱን ገደለ። ሦስተኛውን ፈልጌ አላገኘሁትም። ይህን መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ገባሁና ለሁለቱም የሠራሁትን ነገርኳቸው። መሬት እያየሁ ነው የነገርኳቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ደምሰው ነው። «ታዲያ ያ ቁጥር የእኔ ነው? መቶ አሥራ ስምንቱ?»

«አዎ ጋሼ።»

«የእኔ ነው» አለ ለሙሉሸዋ፤ ዓይኑ አበራ። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። «አሁኑኑ ጥራት። እውነቱን ንገራት። አልተቀበለም የተባልኩት እኔ አይደለሁም።»

«እውነቱ ከተነገረ ሦስተኛው ነው» አልኩት። «ሁለታችሁም ለዘለዓለም ትሰረዛላችሁ። ካልተነገረ ደግሞ እትዬ ከዝርዝሩ...»

«ከሌላ ሰው!» አለና በሩን በቡጢ መታው። የመታው ሳንቃ ተሰነጠቀ፤ እጁ ደማ። «የማላውቀው ሰው ልጅ ቤቴ ውስጥ እንዲያድግ? ከዚያ ያለ ልጅ እንቅር!»

«የምትቀረው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለች ሙሉሸዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከዚህ በኋላ ሌላ ወር የለኝም። ከአንተ አይሆንም፤ አልቋል። የቀረኝ ልጅ ወይም ምንም ነው። ምንም ትለኛለህ?»

«ከእኔ ልጅ ትፈልጊ ነበር እኮ!»

«አሁንም እፈልጋለሁ! ካንተ፣ ከዚህ ከቆመው ሰውዬ። ክንዴን ከጎተተው ከዚህ እብድ። ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይኼ ሰውዬ ይሄዳል ደምሰው። ነገ ቁርስ ላይ ይኼን ነገር አትልም።»

«ስለዚህ ዛሬ ልበለው!»

አጠገቤ መጣ። የደማ እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመታኝም።

«ላቀው፣ የእናቴ ልጅ፣ ስማኝ። ዘጠኝ አይደለሁም። ነገ እሺ ብል፣ ጥሩ ነው ብል፣ አትስማኝ። ያ እኔ አይደለሁም። ይኼ የሚለምንህ ነው እኔ። እውነቱን ትጽፋለህ። ቃል ግባልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

«ቃል ግባ።»

«ቃሌ ነው።»

ሙሉሸዋ እጁን በመቀነቷ አሠረችለት። ከዚያ ተያይዘው ወጡ፤ ከሩቅ አየኋቸው፤ ጓሳ ሣሩ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተመለሱ። ክኒኑን በመዳፌ ይዤ ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየው። ቀጥሎ ሙሉሸዋን ረጅም ጊዜ አያት። ዋጠው። አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ ደንቡ ነው።

ጥቅምት 10 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ፊቱን ታጠበ። ሁለተኛውን ክኒን ሳልነግረው ራሱ ጠየቀኝ። የተሰነጠቀውን ሳንቃ አይቶ መሣሪያ ፈለገና መጠገን ጀመረ።

«ጋሼ» አልኩት፤ «ስለ ትናንቱ ነገር...»

«አስቸገርኳችሁ» አለ። ምስማር ከአፉ አወጣ። «ሙሉሸዋ ልጅ ትፈልጋለች። ዝርዝሩ ጥሩ መፍትሔ ነው። አንተም አትጨነቅ፤ ለሲስተሯ ምንም መንገር አያስፈልግም።»

«ቃል አስገብተኸኝ ነበር።»

«አስታውሳለሁ። አሁን ቃሉ ይቅር እያልኩህ ነው።»

ሙሉሸዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እሱን አየችው፤ እሱም ቀና ብሎ በትሕትና አያት። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ፦

«የትኛውን ወንድምህን ነው የምትሰማው?»

ትናንት የለመነኝን ብሰማ እሷ ያለ ልጅ ትቀራለች፤ እሱም በዚህ አይከፋም። የዛሬውን ብሰማ ትናንት ትከሻዬን የያዘውን ሰው እኔም በተራዬ አጠፋሁት ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ማዘን የሚገባኝ ይመስለኛል። የማለዳ ክኒኖቼን ከዋጥኩ ሁለት ሰዓት ሆኖኝ ነበር። ልቤ በእርጋታ ይመታ ነበር።

«አንቺ ንገሪኝ እትዬ» አልኳት።

«እኔማ...» አለችና አቆመች። ክንዷን፣ ምልክቱ ያለበትን፣ በሌላው እጇ ያዘችው። «እኔማ ያን ሌሊት ያለቀሰው እንዲመጣ ነው የምፈልገው። እሱን ልትሰጠኝ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ዝም በል» አለችኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ሲስተር ውድነሽ ጠራች። ሁሉም ደህና መሆኑን ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት። ስለ ብልቃጦቹ አልነገርኳትም።

ሙሉሸዋ ዝርዝሩን ከፈተች። አርባ ስም ነበረበት። ጣቷን እያስኬደች እስከ መጨረሻው አነበበችና ተመልሳ አሥራ አንደኛውን መረጠች። ደምሰው መዶሻውን አስቀምጦ መጣ፤ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ ስሙን ድምፅ አውጥቶ አነበበና፣ መልካም ምርጫ ነው አለ።